ዓሦቹ ያልኖሩበት ውሃ

በሥራ የመጀመሪያ ቀኔ የተሰጠኝ ቦቲ ጫማ በአንድ ቁጥር ይሰፋኝ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ «ካልሲ ደርብበት፤ እዚህ የጠበበው እንጂ የሰፋው አይጎዳም» አለኝ። ከጫማው ጋር ጓንት፣ ባልዲ፣ በገመድ የታሰረ ጣሳ፣ ቴርሞሜትርና ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ፈርሜ ተረከብኩ። የሥራ መደቤ «ረዳት ኦፕሬተር፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ክፍል» ይላል። ፋብሪካው ቆዳ ያለፋል። ቦታው አቃቂ ቃሊቲ፣ ወንዙ ዳር ነው።

ያስጎበኘችኝ የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር ሰላማዊት ናት። «አንቺ በለኝ፤ እርስዎ ስባል ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለኛል» ብላ ጀመረች። ከማልፊያው ክፍል የሚወጣውን ቦይ እያሳየችኝ፣ «ይሄ ውሃ ኖራ አለበት፣ ጨው አለበት፣ ፀጉር አለበት። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ክሮሙ ነው። ክሮም ቆዳው እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ኬሚካል ነው። ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚከለክል ነገር ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ራስህ አስበው» አለችኝ።

በቅደም ተከተል ሄድን። ፀጉርና ሥጋ የሚያስቀረው ወንፊት። ውሃው የሚጠራቀምበት ትልቅ ገንዳ። አሉም የሚባለው ነጭ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የሚንጠባጠብበት በርሜል፤ አሉም ቆሻሻውን አያይዞ ያሰምጠዋል። ዝቃጩ ወደ ታች የሚቀርበት ማዝቀጫ። አየር የሚነፋበት ገንዳ። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን ደንገል የተተከለበት፣ ከሁሉም ያነሰ ገንዳ። ውስጡ ዓሣ ነበር።

ደነገጥኩ። ከቆዳ ፋብሪካ በወጣ ውሃ ውስጥ ዓሣ አያለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አጎንብሼ ቆጠርኳቸው፤ አስራ አራት ቆሮሶ።

«ምስክሮቻችን ናቸው» አለች ሰላማዊት። «እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምናመጣው እዚህ ነው። ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፤ ዓሣ አይዋሽም።»

ከገንዳው ዳር አንድ ካፖርት የለበሱ ጥበቃ፣ ክብ የሲሚንቶ ክዳን ላይ ወንበር አኑረው ተቀምጠዋል። ጋሽ ሙሄ ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፤ ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። «አዲሱ ልጅ አንተ ነህ? ዓሦቼን እንዳትነካብኝ እንጂ ሌላው ሁሉ የጋራችን ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። የተቀመጡበትን ክዳን አየሁት። ምን እንደሚከድን አልጠየቅሁም።

እኔ ከአስረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ስለ ፍሳሽ ማጣራት የማውቀውን ያገኘሁት ሰላማዊት ከሰጠችኝ ፎቶ ኮፒ ከተደረገ መማሪያ ነው። ግማሹ ገጽ የደበዘዘ ነበር። ከኮዬ ፈጬ ወደ ሥራ ስመጣ አውቶቡስ ውስጥ አነበዋለሁ፤ ያልገባኝን በእርሳስ አሰምርበታለሁ፤ ጠዋት ሰላማዊትን እጠይቃለሁ። ሌላ ወሬ ስለሌለኝና መዝገብ ከእጄ ስለማይለይ ሠራተኛው «መዝገቡ» እያለ ይጠራኝ ጀመር። ዳዊት መባሌን ብዙዎቹ ዛሬም አያውቁም።

ሥራው ይህ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ከማዝቀጫው መውጫና ከመጨረሻው ገንዳ ናሙና መቅዳት። የውሃውን ሙቀት መለካት። የአሲድነቱን መጠን በወረቀት ማየት። ሾጣጣውን ብርጭቆ ሞልቶ ስንት ዝቃጭ እንደሚሰምጥ ማንበብ። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ ክሮሙ እንዲለካ ናሙናውን ለፋብሪካው ላቦራቶሪ ማድረስ። ናሙናው ከመጨረሻው ገንዳ እንዲቀዳ የሚያዘው ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡም ከዚያው ይቀዱ ነበር።

ከማዝቀጫው የሚወጣው ውሃ አንዳንድ ቀን ጥሩ፣ ብዙ ቀን መጥፎ ነው። የመጨረሻው ገንዳ ግን ሁልጊዜ ንጹህ ነው። በክፍላችን «የቀረውን ገንዳው ይጨርሰዋል» የሚባል አባባል ነበር። ሰላማዊት ደንገሉ ነው ትላለች። ጋሽ ሙሄ ዱዓ ነው ይላሉ። እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ።

የገንዳው ሙቀት ጠዋትም ከሰዓትም፣ ክረምትም በጋም ሃያ ሦስት ነበር። የኅዳር ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው ሃያ ሦስት። የሚያዝያ ፀሐይ ሲከር ሃያ ሦስት። ከመዝገቡ ኅዳግ ላይ «ገንዳው የተረጋጋ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በዚያች ማስታወሻ ኮርቼ ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ አሉም ከገበያ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በግማሽ መጠን ሠራን። የማዝቀጫው ውሃ ጠቆረ። የመጨረሻው ገንዳ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ዓሦቹም እንደ ልማዳቸው ዳቦ ለመልቀም ይንሳፈፋሉ። የሦስቱን ሳምንት ቁጥር በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ለሰላማዊት ሰጠኋት። «አሉሙ ግማሽ ሲሆን በገንዳው ላይ ለውጥ የለም። አሉም ቢገኝም በግማሽ መቀጠል ይቻላል» የሚል አረፍተ ነገር ከሥሩ ጨመርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቢሮ አስጠራኝ። በቆዳ ሽታ መሀል ሽቶ የሚሸት፣ ፈጣን ተናጋሪ ሰው ነው። «አስረኛ ክፍል ነህ አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ዲግሪ የጫኑት ያላዩትን ነው ያየኸው» ብሎ የምስጋና ደብዳቤ ሰጠኝ። ማኅተም ያለበት ነው። አሉሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ በግማሽ ሆነ።

አሁን እትዬ ብርቄን ላስተዋውቅ።

ከፋብሪካው አጥር በታች ወንዙ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሴት ናቸው። ባላቸው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሞተዋል። ሰላጣ፣ ጎመንና ቀይ ሥር ያመርታሉ፤ ጠዋት ነቅለው፣ አጥበው፣ ሳሪስ አቦ ገበያ ያወርዳሉ። ወንዙ ከተማውን ሙሉ አቋርጦ ስለሚመጣ አያምኑትም። ከእኛ ግቢ ወጥቶ ከደንገሉ ሥር ወደ ወንዙ የሚፈስ አንድ ቱቦ አለ፤ እሳቸው የሚቀዱት ከቱቦው ነው። ከዓሦቹ ገንዳ ሞልቶ የሚፈሰው ቦይ ሣር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ከታች ቱቦው ብቅ ይላል። ሁለቱ አንድ ውሃ መሆናቸውን እኔ አልተጠራጠርኩም።

ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ወራት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ሁልጊዜ የምትጽፈው፣ እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ይሄን ውሃ ሰላጣ ባጥብበት ምን ይላል መዝገብህ?»

መዝገቡን ከፍቼ አየሁ። «ይችላሉ እትዬ» አልኳቸው። «ዓሣ ይኖርበታል።»

«ዓሣስ መቼም ከእኛ ይበልጥ ይጠነቀቃል» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ለገዢዎቻቸው «የእኔ ሰላጣ በተመረመረ ውሃ የታጠበ ነው» ይሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለእኔም ብዙ ቀን በአጥሩ በኩል ሰላጣ ያቀብሉኛል፤ በምሳዬ እበላዋለሁ።

አሉሙ ከተቀነሰ በኋላ አንድ ጠዋት ጠሩኝ። «መዝገቡ፣ ውሃው ትንሽ ጠቆረብኝ ሳ። ይሸተኛልም።»

ሄጄ የገንዳውን ቁጥር አየሁ። እንደ ድሮው ነው። ተመልሼ «ሽታው ከወንዙ ነው እትዬ፤ የእኛ አልተለወጠም» አልኳቸው።

ሌላ ቀን እጃቸውን አሳዩኝ። በጣቶቻቸው መሀል ተሰነጣጥቋል፤ አይበሉባቸው ላይ ክብ ክብ ቁስል አለ። «ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ጊዜው ጥቅምት ነበር። «ብርዱ ነው፤ ቫዝሊን ይቀቡ» አልኩና ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ሰጠኋቸው። እጃቸውን መዝገብ ላይ አልጻፍኩትም። ለእጅ የሚሆን ዓምድ አልነበረውም።

ቀለም የማፍሰሱን ሐሳብ ያገኘሁት ከዚያ ከደበዘዘው መማሪያ ነው። ውሃ በአንድ ገንዳ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማወቅ ከፈለግህ መግቢያው ላይ ቀለም ጨምረህ መውጫው ላይ እስኪታይ ሰዓት ቁጠር ይላል። የመጨረሻው ገንዳ ይህን ሁሉ ተአምር በስንት ሰዓት እንደሚሠራ ለማወቅ ጓጓሁ። ሌላ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ለሰላማዊት ነገርኳት፤ ፈቀደች።

ሳሪስ አቦ ገበያ ሄጄ አለላ የሚነከርበትን ቀይ ቀለም ጠየቅሁ። ሻጯ በሙዳይ ክዳን እየሰፈረች «ለሰፌድ ነው ለመሶብ?» አለችኝ።

«ለገንዳ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ገንዳ የሚሰፋ ወንድ ዛሬ ገና አየሁ» አለችና አጠገቧ ካለችው ጋር ተሳሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቀለሙን በባልዲ በጥብጬ ከአየር ገንዳው መውጫ ላይ ደፋሁት። ውሃው ቀላ፤ ወደ መሬት ውስጥ ቱቦው ገባ። ሰዓቱን ጻፍኩ። ሮጬ ገንዳው ዳር ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሙሄ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። «ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

«ቀለም። ገንዳው መቅላት አለበት።»

ወንበራቸውን ክዳኑ ላይ አደላድለው ወደ አጥሩ ዞሩ። አራት ተኩል አለፈ። አምስት ሰዓት አለፈ። ውሃው እንደ ጠዋቱ የጠራ ነው፤ ዓሦቹ ይዞራሉ። ገንዳው ትልቅ ስለሆነ ይሆናል አልኩ። መዝገቡ ላይ «ገና» ብዬ ጻፍኩ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከአጥሩ ሥር ጩኸት ሰማሁ።

«መዝገቡ! ኧረ መዝገቡ! ውሃው ደም ሆነ! የፈርዖንን ዘመን አመጣችሁብን!»

የወረድኩበትን አላስታውስም። እትዬ ብርቄ ከቱቦው ሥር ቆመዋል። ከፊታቸው ያለው ሳፋ ቀይ ነው። ውስጡ ያለው ሰላጣ ቀይ ነው። ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ደብዘዝ ብሎ ገና ቀይ ነው። ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተዋል፤ እስከ ክንዳቸው ቀልቷል። ቀለሙ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ደምቋል። እያንዳንዱ ስንጥቅ ተሰምሮ ይታያል። መቁጠር ይቻል ነበር።

«ቀለም ነው እትዬ፤ ደም አይደለም፤ የሰፌድ ቀለም ነው» አልኳቸው።

«አንተ ነህ የደፋኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ወዴት ብለህ?»

ወደ ላይ ሮጬ ተመለስኩ። ገንዳው የጠራ ነው። አስራ አራቱም ዓሦች አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። በእነዚያ ዓሦችና በእትዬ ብርቄ እጅ መካከል ምንም የጋራ ውሃ የለም።

«ጋሼ፣ ይነሱልኝ» አልኳቸው ጋሽ ሙሄን።

ተነሱ። ወንበሩን ራሳቸው አነሱት። ክዳኑን አብረን ገፋነው። ሥሩ ሁለት ቫልቭ አለ። አንዱ ከአየር ገንዳው ወደ ዓሦቹ የሚያስገባው ነው፤ ተዘግቷል፤ ዝገቱ አያይዞታል። ሌላው በቀጥታ ወደ ወንዙ የሚለቀው ነው፤ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ከጎኑ አንድ ቀጭን ቧንቧ ፋብሪካው ከምድር ከሚስበው የጉድጓድ ውሃ መስመር መጥቶ ገንዳው ውስጥ ከውሃው በታች ይገባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንተ ከመምጣትህ በፊት» አሉ። ካፖርታቸውን እያጠበቁ መሬት መሬት ያያሉ። «ዓሦቹ መጀመሪያ ሲገቡ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ሌላ ገዙ፤ ሞቱ። የዚያን ጊዜው አለቃ ‹ከእንግዲህ አንድ ዓሣ ቢሞት ከአንተ ራስ አልወርድም› አለኝ። ምን ላድርግ ወንድሜ? ጡረታ የወጣው ቧንቧ ሠራተኛ ጓደኛዬ ነበር። አንድ እሑድ ይቺን ሠራልኝ። ዓሣው ዳነ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔም ደስ አለኝ። ውሃው ወዴት እንደሄደ ማንም አልጠየቀኝም።»

«እትዬ ብርቄ ከዚያ እንደሚቀዱ ያውቁ ነበር?»

«አንተ ንጹህ ነው ስትላት ሰማሁ። የተማረው ካለ እኔ ማን ነኝ? ታች ሲደርስ ይጠራል መሰለኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ የጉድጓድ ውሃ ነበር የለካሁት። ዓሦቹ እንዳይሞቱ በሰው እጅ ይጠበቁ ነበር፤ ይህን የሚያውቁት አንድ ጥበቃ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ጥፋት መሆኑን አላወቁም። የእኔ ግን ከሳቸው ይብሳል። እሳቸው ውሃውን ወደ ወንዙ ለቀቁት፤ እኔ ደግሞ በቁጥሬ አሉሙን በግማሽ አስቀነስኩ። ለዚያም ደብዳቤ ተቀብያለሁ።

ሰላማዊት መጥታ ክዳኑ ሥር ያለውን አየች። ከዚያ «መዝገቡን አምጣው» አለች። ገጾቹን እያገላበጠች የሙቀቱን ዓምድ በጣቷ ወረደችው። «ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት። ሃያ ሦስት። ከምድር በታች የሚወጣ ውሃ ነው እንዲህ የማይለወጥ። ጽፈኸዋል እኮ ዳዊት። በየቀኑ ጽፈኸዋል።» ቀጥላ የገጹን ግርጌ ነካችና «እኔም በየሳምንቱ ፈርሜበታለሁ» አለች። በስሜ ስትጠራኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ለሥራ አስኪያጁ አብረን ነገርነው። እሱም ደነገጠ፤ ውሸት አልናገርም፤ ፊቱ ነጣ። ግን ድንጋጤው ቶሎ ለቀቀው። «ቀለሙ እስከ ነገ ይጠፋል። ቫልቩን ቀስ ብለን እናስተካክላለን። ሴትዮዋን የሰፌድ ቀለም ነው በሏት፤ ደግሞም እውነት ነው» አለ።

«ሰላጣውስ?» አለች ሰላማዊት።

«ሰላጣ ሻጭ ነው የቀጠርኩሽ?»

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወደ እትዬ ብርቄ ወረድኩ። መደባቸው ላይ ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ቀለሙ ከእጃቸው አልለቀቀም።

«እትዬ፣ ተሳስቼ ነው» አልኳቸው።

«የቱን?»

«ሁሉንም። ውሃው ንጹህ ነው ያልኩዎትን። ሽታው ከወንዙ ነው ያልኩትን። እጅዎን ብርድ ነው ያልኩትን።» ከዚያ ክዳኑን፣ ቫልቩን፣ ዓሦቹንና አሉሙን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ምንም አልዘለልኩም።

ቀና አሉ። «አንተ የምትቀዳው ከየት ነበር?»

ከላይ ያለውን ገንዳ አሳየኋቸው።

«እኔ እኮ ከዚህ ነው የምቀዳው» አሉ ቱቦውን እያዩ። «አንድ ቀን እንኳ ወርደህ ብትቀዳ ምን ነበረበት?»

ከገንዳው እስከ ቱቦው አርባ ሁለት እርምጃ ነው። የዚያን ዕለት ቆጠርኩት።

አልጮኹም፤ አልረገሙኝም። ያን ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር። «ለሠርግ ያቀረብኩት አለ፤ ለአራስ የሰጠሁት አለ። ለአንተም ምሳህ ነበር» አሉ። ከዚያ ሰላጣውን መንቀል ጀመሩ። መሸጫ የደረሰውንም ያልደረሰውንም። ልረዳቸው ስጎነበስ «ተው» አሉኝ። በጆንያ ሞልተው ተሸክመው ወጡ። ወደ ገበያ መስሎኝ ነበር። ወደ ፋብሪካው በር ታጠፉ።

በሩ ፊት ለፊት ጆንያውን ገለበጡት። ተመልሰው ሌላ አመጡ። ሰላጣው ከበሩ ወርድ እኩል ተዘረጋ፤ ትናንት ሳፋ ውስጥ የቀላው ቅጠል ከላይ ነው። ያን ሰዓት ጥሬ ቆዳ የጫነ አይሱዙ ደረሰ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ፤ ከዚያ መሬቱን አየና ሞተሩን አጠፋ።

የበሩ ተረኛ «ግባ እንጂ!» አለው።

«የሚበላ ነገር ላይ አልነዳም» አለ ሾፌሩ። «ጎማዬን ልታስረግሙኝ ነው? አንሱልኝና ልግባ።»

ተረኛው ጋሽ ሙሄን ጠራ። ጋሽ ሙሄ መጡ፤ አዩ፤ እጃቸውን ወደኋላ አጣመሩ። «እኔ አላነሳውም» አሉ። ሌላ አይሱዙ ከኋላ ቆመ። ሠራተኛው ሥራውን እየተወ ወጣ።

ሥራ አስኪያጁ በራሱ መኪና ደርሶ ወረደ። «እማማ፣ ምን ሆነዋል?»

«እንደምን አደርክ ልጄ። ሰላጣ አምጥቼላችሁ ነው። በውሃችሁ ያደገ፣ በውሃችሁ የታጠበ። እስቲ ቅመሱት።»

«የሰፌድ ቀለም ነው! ምንም አይደለም!» ብሎ ወደ ሰዉ ዞረ። «የእኛ ውሃ የሁለት ዓመት መዝገብ አለው። ያ ልጅ የት አለ? ዳዊት! መዝገቡን አምጥተህ አሳያቸው።»

መዝገቡ በብብቴ ነበር። መንገድ ለቀቁልኝ። በሰው ፊት መናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል፤ በስብሰባ ላይ አንድ ቀን እጄን አውጥቼ አላውቅም። እትዬ ብርቄ ሰላጣው መሀል ቆመው ያዩኛል።

«መዝገቡ ትክክል ነው» አልኩ። «የተለካው ግን የጉድጓድ ውሃ ነው። ወንዝ የሚገባውን ውሃ አንድ ቀን ለክተን አናውቅም።»

የሾፌሩ ረዳት ከመኪናው ላይ ሆኖ «ወይኔ!» ሲል ተሰማ። ሰላማዊት ከኋላዬ መጥታ መዝገቡን ከእጄ ወሰደች። «ፊርማዬ ያለበትን ሁሉ ይዤ አሁን ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ። ማልፊያው ይቁም» አለች። ሥራ አስኪያጁ አየን፣ የቆሙትን መኪኖች አየ፣ ሰላጣውን አየ። «ይቁም» አለ። ከፍርሃት ይሁን ከኅሊና እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በዚያ ሰዓት ልዩነቱ አልታየኝም።

ማልፊያው ለወራት ቆመ። የክሮሙ ውሃ ከሌላው ሳይቀላቀል ብቻውን የሚጣራበት ገንዳ ተሠራ። ቀጭኑ ቧንቧ ተቆርጦ ተነቀለ፤ ጫፉ ተበየደ። አሉሙ ወደ ሙሉ መጠኑ ተመለሰ። ማልፊያው በትንሹ ለሙከራ በተነሳበት ቀን የዛገውን ቫልቭ ከጋሽ ሙሄ ጋር ሆነን ከፈትነው። የእኛ ውሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እነዚህ ዓሦች ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስራ አራቱም ተንሳፈፉ። ጋሽ ሙሄ አንድ በአንድ በእጃቸው አወጧቸው፤ ከደንገሉ ሥር ቀበሯቸው። እኔ ጻፍኩ፤ ገንዳ፣ ሙቀት አስራ ዘጠኝ፣ ዓሣ አስራ አራት፣ የሞተ አስራ አራት። በመዝገቤ ላይ ስለዚያ ገንዳ የተጻፈው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ዓሣ አስገብተናል። መጀመሪያ ከገቡት አንድም አልተረፈም፤ ከሁለተኛዎቹ አምስቱ ዛሬም አሉ። ማንም አይጠብቃቸውም። የጋሽ ሙሄ ወንበር በሩ ጋ ተዛውሯል። ሥራ አስኪያጁ ለእንግዶች ገንዳውን አያሳይም። የምስጋና ደብዳቤዬን አሉሙ በግማሽ ይቀጥል ብዬ በጻፍኩበት ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አዲስ የሚቀጠር ሁሉ ያየዋል።

እትዬ ብርቄን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ እጃቸውን አገላብጦ «ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት? ቆዳ ፋብሪካ ነዎት?» አላቸው። «አይደለሁም፤ ሰላጣ ነው የማጥበው» አሉት። ቅባት ታዘዘላቸው። ቁስሉ ደረቀ፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ ድሮው አይታጠፉም። ሰላጣ ትተው በቧንቧ ውሃ የዛፍ ችግኝ ያፈላሉ። አልፎ አልፎ በአጥሩ በኩል ይጠሩኛል። «ዛሬስ እንዴት ነው?» ይላሉ። ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ቁጥሩን አያዳምጡም። «ከየት ቀዳኸው?» ይላሉ።

ግድግዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ቀድጄ ሌላ ለጥፌያለሁ። ናሙና የሚቀዳው ውሃው ወንዙን በሚነካበት ቦታ ነው ይላል። እዚያ ለመድረስ አርባ ሁለት እርምጃ ይወረዳል። መንገዱ ያንሸራትታል፤ ልክ የሆነ ቦቲ ያስፈልጋል።